ጭብጨባችን የማንን ጡረታ ይከፍላል?

የአዳማ ነዋሪዎች ሆይ፣ የሕዝብ ተወካይ ወደ ከተማችን በመጣ ቁጥር አዳራሹን ሞልተን እናጨበጭባለን፤ ለአገር የደከሙ አዛውንቶች ጋቢ ሲደረብላቸውና የምስክር ወረቀት ሲቀበሉ ዓይናችን እንባ ያቀርራል፤ ከዚያም የቀረበልንን ለስላሳ ጠጥተን፣ ፎቶ ተነሥተን እንበተናለን። ተወካዩ የጡረተኞችን መብት ለማስጠበቅ ምን እንደ ሠራ ሲዘረዝር ግን ከመካከላችን «የትኛው አዋጅ ነው? ከመቼ ጀምሮ ይፈጸማል? እስከ ዛሬ ያልተፈጸመውስ ለምንድን ነው?» ብሎ የሚነሣ አይገኝም። እርሱን የሚወቅስ ሞልቷልና የዛሬው ወቀሳዬ ወደ እኛው ነው፤ ጡረታን እንደ ችሮታ፣ ሪፖርትን እንደ ስብከት መቀበል ወደ ለመድነው።

ገንዘቡ የማን እንደሆነ አውቀን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልለዘብን ነበር። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከ1955 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ በሕግ የቆመ ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በሕግ የታወቀ የጡረታ ዐቅድ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። የሁለቱም ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 (ለመንግሥት ሠራተኛ) እና 1268 (ለግል ድርጅት ሠራተኛ) ታድሷል። ከሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ሰው በየወሩ 560 ብር ከእጁ ይሄዳል፣ 880 ብር ደግሞ በስሙ ይገባለታል ማለት ነው። ይህ ሁለተኛው ገንዘብ ከአሠሪው ኪስ የተመጸወተ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ሠራተኛው ዛሬ ሠርቶ ነገ እንዲበላው የተቀመጠለት የላቡ ዋጋ ነው። ስለዚህ ተወካዩ ይህ ገንዘብ እንዳይነካ ቢከራከር ግዴታውን ተወጣ ይባላል እንጂ ውለታ ዋለ አይባልም።

እኔ በሂሳብ ክፍል ያረጀሁ ሰው ነኝና ከፔሮል፣ ማለትም ከደመወዝ መክፈያው ሰነድ፣ ላይ አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንዳንዱ ቀጣሪ ለሠራተኛው በወር 8,000 ብር እየከፈለ፣ በሰነዱ ላይ ግን መደበኛ ደመወዙን 4,000 ብር ብቻ አድርጎ ቀሪውን «የትራንስፖርት»፣ «የቤት»፣ «የኃላፊነት» እያለ በየዓምዱ ይበትነዋል። ሠራተኛው የሚቆረጥበት መዋጮ ስለ ቀነሰለት ደስ ይለዋል፤ ቀጣሪውም የሚያዋጣው 11 በመቶ በግማሽ ስለ ቀለለት ደስ ይለዋል። ደስታው የሚያልቀው በ60 ዓመት ነው። የጡረታ አበል የሚሰላው ባለፉት 3 ዓመታት በተከፈለው አማካይ መደበኛ ደመወዝ ነው፤ ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ እየተጨመረ፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 48.75 በመቶ ያገኛል። መደበኛ ደመወዙ 8,000 ብር ተብሎ ተመዝግቦ ቢሆን በወር 3,900 ብር ይደርሰዋል፤ 4,000 ተብሎ ከተመዘገበ ግን 1,950 ብር ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል። እርሱ ቢሞት ለሚስቱ የሚተርፈው የዚያው ግማሽ ነው። ባሏን በቀበረች ማግስት ይህን ቁጥር የምትሰማ ሴት ፊት ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ በወጣትነቱ ደስ ብሎት የፈረመው ባሏ መሆኑን ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል?

በዚህ ነገር ተወካዩ ብቻ ተጠያቂ ነው የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ ከተገኘሁባቸው ስብሰባዎች አንዱን ልንገራችሁ። አንድ በመጋዘን ጥበቃ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አዛውንት ተነሥተው ከደመወዛቸው በየወሩ ይቆረጥ የነበረው መዋጮ ለጡረታ ፈንድ ሳይገባ እንደ ቀረ መናገር ጀመሩ። ሰውዬው ንግግር የለመዱ አልነበሩምና ከቀጣሪያቸው ስም፣ ከቀጣሪያቸው አባት ስም፣ መጋዘኑ መጀመሪያ ከነበረበት ሰፈር ጀመሩ። ገና ነገሩ ጋ ሳይደርሱ «አባባ፣ ያጠቃልሉ እንጂ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የተናገረው ከመድረኩ የተቀመጠ ባለሥልጣን እንዳይመስላችሁ፤ ከኋላችን ወንበር የተቀመጠ ጎረቤታችን ነበር። ሌሎቹም አጉረመረሙ፤ አንዱ ሰዓቱን አየ። አዛውንቱ «እሺ ልጄ» ብለው ተቀመጡ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የተነሣው ሰው ተወካዩን አመስግኖ ስለ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ጠየቀ፤ አጨበጨብንለት። የመንገድ ጥያቄ አይናቅም፤ ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ሕግ ተጥሶ ገንዘቡ የተወሰደበት አንድ ሰው ነበር፣ እርሱንም አፉን ያስያዝነው እኛ ነን። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ አባቶቻችን ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለትንም ያውቁ ነበር።

ከተማችን ደግሞ የስብሰባ ከተማ ናት። ከመዲናዋ በፍጥነት መንገዱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚደረስባት በመሆኗ የአገሪቱ ረቂቅ ሕግና ሥልጠና እዚህ ሆቴሎቻችን ውስጥ ሳይመከርበት አያልፍም። ስለ ማኅበራዊ ዋስትና በሚመከርበት አዳራሽ ቡና ይዛ የምትዞረው አስተናጋጅ የጡረታ መለያ ቁጥር እንዳላት የጠየቃት ተሰብሳቢ ይኖር ይሆን? እናንተ የሆቴልና የድርጅት ባለቤቶች፣ ከሠራተኛ የተቆረጠን መዋጮ በእጃችሁ ይዞ መቆየት የሰው ገንዘብ መያዝ መሆኑን ታውቃላችሁ። «ገበያው ቀዝቅዞ ነው» የሚለውን ምክንያት ለራሳችሁ ዕዳ ተጠቀሙበት፤ ገበያ ሲሞቅ ለሠራተኛው ያካፈላችሁት ነገር የለምና። እናንተም ሠራተኞች፣ ስማችሁ መመዝገቡን፣ መዋጮው መግባቱን፣ የትውልድ ዘመናችሁ በትክክል መሞላቱን ዛሬ ካልጠየቃችሁ በ60 ዓመታችሁ ፈርሶ የጠፋ ድርጅት ማኅተም ፍለጋ ትንከራተታላችሁ።

ከተወካዩ የሚጠየቀው ከዚህ ከፍ ያለ ነው። የጡረታ ገንዘባችን በሰፊው ተቀምጦ የኖረው በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ማለትም መንግሥት ወለድ እየከፈለ ገንዘብ በሚበደርበት ወረቀት፣ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት ያ ሰነድ ይከፍለው የነበረው ወለድ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ የብር ዋጋ በወራት ውስጥ ከግማሽ በታች ወርዷል። የጤፍ ዋጋ ማንንም ሳያስፈቅድ ይነሣል፤ የጡረታ አበል ግን የሚሻሻለው መንግሥት ሲወስን ነው። እንግዲህ ተወካዩ መጥቶ «የጡረተኞችን ጥቅም አስከብረናል» ሲል፣ ፈንዱ ባለፈው ዓመት ምን አተረፈ? ትርፉ ከንረቱ በላይ ነው ወይስ በታች? አበሉ የተሻሻለው በስንት ነው? በቋሚ ኮሚቴው ውስጥ ጥያቄውን ያነሣው ማን ነው? ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። መልስ ከሌለው «አጣርቼ እመጣለሁ» ይበል፤ ቀኑንም እንጻፍበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። ይህን ሥልጣን የያዘ ሕዝብ የአውቶቡስ መሳፈሪያ እንደሚለምን ሰው አንገቱን ደፍቶ መቀመጡ ያሳፍራል።

ስለ ክብር ሽልማቱም አንድ ነገር ልበል። ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ ሲቅም የኖረ መምህር፣ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ትውልድ ያፈራረቀ ባለሙያ በሕዝብ ፊት ስሙ ሲጠራ ደስ የማይለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን የተሸለሙት ሰዎች በማግስቱ ባንክ ቤት በር ላይ ሲሰለፉ አይተናል፤ አንዳንዶቹ የአበል ውዝፍ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዶቹ ማኅደራቸው ጠፍቶባቸዋል። ክብሩ እውነተኛ እንዲሆን ከፈለግን፣ በሚቀጥለው ሥነ ሥርዓት ላይ ጋቢው ከመደረቡ በፊት የተሸላሚው የጡረታ ማኅደር የተሟላ መሆኑ ይነገረን። አዘጋጆቹ ይህን የማይመች ጥያቄ ነው ይሉ ይሆናል። ይሁን፤ አይመቻቸው።

ምክር ቤቱ በየዓመቱ ሰኔ 30 ሥራውን ይዘጋል፤ ተወካዮችም ወደ መራጫቸው ይወጣሉ። ከዚያ በፊት በየሰፈራችን ተሰብስበን፣ የማን መዋጮ እንዳልገባ፣ የማን ማኅደር እንደታገደ በስምና በቀን ጽፈን መጠበቅ እንችላለን። ይህን ስንጽፍ ግን የገዛ ቤታችንን እንዳንዘልለው። የግሉ ዘርፍ የጡረታ አዋጅ ስለ ድርጅት ሠራተኛ የተጻፈ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንጀራችንን የጋገረችው፣ ልጆቻችንን ያሳደገችው የቤት ሠራተኛ በውስጡ የለችም። ስለ እርሷ ለተወካዩ የሚነግር ሰው እስካሁን በየትኛውም አዳራሽ አልሰማሁም፤ ምክንያቱም አዳራሹን የሞላነው ቀጣሪዎቿ ነን።