ያልተጻፈችው ቡሽ

የወንድሜ ልጅ ቨርጂኒያ ተወልዶ ያደገ ነው። የገዛት ያገለገለች ሙስታንግ ግን ጓደኞቹ መንዳት የማይችሏት ማንዋል መኪና ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ማንዋሉ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ይህ አልበቃ ብሎት "የማርሹ ዘንግ ረዘመብኝ፤ አጭር ልግዛ" አለኝ።

ዘንጉ በመካከሉ ባለ መዞሪያ ላይ ነው የሚወዛወዘው። መዞሪያውን ከፍ ካደረጉት ወይም ከእሱ በላይ ያለውን ክፍል ካሳጠሩት እጅ የሚሄድበት መንገድ ያጥራል፤ ማርሹ ቶሎ ይገባል፤ ግን ይከብዳል። ለዚህች ደስታ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ብዙ ነው። ኸርስት የተባለው ኩባንያ ስሙን የተከለው በዚሁ ዘንግ ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖንቲያክ ጂቲኦ የተባለ መኪና የኸርስት ዘንግ ከፋብሪካው ተገጥሞለት ነበር። እንዲህ ያለ ዘንግ ያስገጠመ ሰው መኪናውን ሊሸጥ ሲል የጨመረውን ሁሉ ፈትቶ የፋብሪካውን ይመልሳል፤ ገዢ የተነካካ መኪና አያምንምና። የፈታውን ለብቻው ይሸጠዋል።

ሻጩን ያገኘነው አንድ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ዘንጉን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ሳንጠይቀው ጭረቱን አሳየን፤ ጥርሱ የተበላ ቡሎን እንዳለ ነገረን፤ ለ2011 እ.ኤ.አ. ሞዴል የተሠራው ለ2015ቱ ላይገጥም ስለሚችል የመኪናዋን ዓመት ሁለት ጊዜ ጠየቀን። 170 ዶላር ሰጠነው። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው የት ይገኛል እያልኩ ተመለስኩ። ቤት ደርሰን ልንገጥመው ስንል ከግርጌው የምትገባው፣ ዘንጉ እንዳይነቃነቅ የምትይዘው ቀለበት፣ ቡሽ የምትባለው፣ የለችም። ልጁ ደወለለት። ሰውየውም በትሕትና "ማስታወቂያው ላይ ቡሽ አለው አላልኩም፤ ፎቶውም ላይ የለችም" አለው። እውነቱን ነው፤ አንዲት ቃል አልዋሸም። እኔን የገረመኝ የልጁ አለመናደድ ነው፤ "አዎ፣ አልተጻፈም" ብሎ ቡሽ ፍለጋ ወጣ።

ባለፈው ጥር ደብረ ብርሃን ነበርኩ። አጎቴ በአሮጌ አይሱዙ ከሰላ ድንጋይ ባቄላ እየጫነ ሸዋ ሮቢት ያወርዳል። የማርሹ ዘንግ ተሰብሮበት ያገለገለ ሊገዛ አብሬው ሄድኩ። ሻጩ ገና ሳንቀመጥ በሚካኤል ማለ። ከጃፓን ከገባ ስድስት ወር አልሞላውም አለ፤ ዝገቱ ግን የእኔን ዕድሜ የሚያህል ነው። አጎቴ አልተከራከረም። "ገጥሜው ጣርማ በር ደርሼ ልመለስ፤ ብሩ እዚህ ባለ ሱቁ ዘንድ ይቀመጥ" አለ። ሻጩም ታናሽ ወንድሙን ጋቢና አስገብቶ ላከው።

ጣርማ በር ያለው ዋሻ ጋ ሳንደርስ ዘንጉ እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቅ ጀመር። ተመለስን፤ ቶርኖ ቤት አዲስ ቡሽ ተቀረጸለት፤ ሒሳቡንም ሻጩ ከተቀመጠው ብር ላይ አስቀነሰ፤ አሁንም በሚካኤል እየማለ። (ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቶርኖ፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራውን ዋሻ ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ጥሎልን ነው የሄደው።)

እንግዲህ ውሸታሙ ለቡሿ ከፈለ፤ ሐቀኛው አልከፈለም። ነገሩን ግን አላሳምረውም። ሻጩ የሰፈር ልጅ ነው፤ እናቱ ከአጎቴ ሚስት ጋር አንድ ማኅበር ትጠጣለች። ይኸው አጎቴ አዲስ አበባ ከማያውቀው ሰው ባትሪ ገዝቶ በሳምንቱ ሲመለስ ሻጩን በቦታው አላገኘውም። ቨርጂኒያ ላይ ግን ለሻጩ ባዳ የሆነው የወንድሜ ልጅ ጭረቱ ሁሉ ተነግሮት ነው የገዛው።

በማግስቱ ባቄላ ጭነን ስንወጣ የሙስታንጓን ታሪክ ለአጎቴ አነሳሁለት።

"አሳጠረው? ለምን?"

"ማርሹ ቶሎ እንዲገባለት ነው ጋሼ።"

"ይከብደዋላ! የዶማ እጀታ ቆርጠህ ቆፍረህ ታውቃለህ?"

ይህ እኔን የገባኝ በሥዕል ሲያስረዱኝ ነው። "ለደስታ ነው" አልኩት።

"ለደስታ" አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ዋሻውን እንዳለፍን ቁልቁለቱ ከጉሙ ሥር ብቅ አለ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬኑን ሳይነካ፣ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ጀመረ። እጁ ከዘንጉ ላይ አልተነሣም።