ይድረስ ለአቶ «በጎግል አንደኛ አወጣዎታለሁ»

ጉዳዩ፦ ስሜን እንዲመልሱልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ስልኬ በቀን ሦስት ጊዜ ከመጮኹ በስተቀር፣ ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና ደህና ነኝ። ስምዎን ጠርቼ ብጽፍልዎ በወደድሁ ነበር፤ ነገር ግን በሦስት ጥሪ ሦስት ስም ስለነገሩኝ አንዱን መርጬ ሌሎቹን እንዳላስቀይም ሰጋሁ። ስለዚህ ከአፍዎ ተለይቶ በማያውቀው ዓረፍተ ነገር ጠራሁዎት።

የመጀመሪያው ቀን ሲደውሉ «ጋሼ» አሉኝ። ለፔንሲዮኔ ድረ ገጽ ቅድመ ክፍያውን በላክሁ ማግስት «ወንድሜ» ሆንሁ። ቀሪውን ከፍዬ ስጨርስ ደግሞ እርስዎ ራስዎ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትል የሴት ድምፅ ሆኑ።

እንደሚያውቁት እኔ እዚህ ሀዋሳ፣ ከአሞራ ገደል በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ሰባት ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። ድሮ እንግዳ የሚያመጡልኝ የባጃጅ ሹፌሮች ነበሩ፤ እነርሱም ሻይ መጠጫቸውን ይቀበላሉ፣ እኛም አንቀየምም። እርስዎ ያስረዱኝ ጎግል ማለት የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ አለቃ እንደሆነና እርስዎ ከአለቃው ጋር ቅርርብ እንዳለዎት ነበር። ለካ ይህ አለቃ በተለመደው የፍለጋ ውጤት ውስጥ ቦታ አይሸጥም። ገንዘብ የሚከፈልበት ቦታ አለው፤ እሱንም ማስታወቂያ መሆኑን ጽፎበት ለይቶ ያስቀምጠዋል። አንደኛ እንደሚያወጣ ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችልም በገዛ መመሪያው ላይ አስፍሯል። የእርስዎ ወዳጅነት እዚያ መመሪያ ውስጥ ሳይጠቀስ የቀረው በትሕትናዎ ምክንያት ይመስለኛል።

ማስረጃ ስጠይቅዎ ግን አላሳፈሩኝም። ስልክዎን አውጥተው የፔንሲዮኔን ሙሉ ስም ጻፉ፤ ፔንሲዮኔ አንደኛ ወጣች። እኔም እልል ማለት ቀረኝ እንጂ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ደጃፌ ላይ ቆመው ስሜን ጠርተው፣ እኔ ብቅ ስል «አዩ፣ አገኘሁዎት» ብለው ገንዘብ እንደተቀበሉኝ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሥራዎ ልምጣ። ከተማችን ሀዋሳም ሐዋሳም አዋሳም ተብላ እንደምትጻፍ ያውቃሉ። በላቲን ፊደልም አንዱ በኤች ይጀምራታል፣ ሌላው በኤ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ እንግዳው በየትኛው ሀ እንደሚፈልገን አይታወቅም። ሌላ ሰው ቢሆን «ቀድሞ አዋሳ ትባል በነበረችው ከተማ» ብሎ አንድ ጊዜ ጽፎ ያልፈዋል። እርስዎ ግን በገጹ ግርጌ፣ ሰው ሳያየው ጎግል እንዲያነበው በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም፣ «ሀዋሳ ሐዋሳ ኀዋሳ አዋሳ ዓዋሳ ርካሽ አልጋ ምርጥ አልጋ መዋኛ ገንዳ አልጋ» እያሉ ወረዱ። ፊደል የሚቆጥር የቆሎ ተማሪም እንኳ እንዲህ አይደጋግምም። አንድ እንግዳ በስልኩ ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ያ ሁሉ ቃል ሰማያዊ ለብሶ ብቅ አለበትና «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው? ድግምት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። ልጆቹ ደግሞ የመዋኛ ጎማ ይዘው ነበር የመጡት፤ ገንዳው የት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ወደ ውኃ ሮቶው ጠቆምሁ።

ከዚያ በተጨማሪ ለ«ቁልፍ ቃላት መለያ» (ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ለፍለጋ ማሽኖች የሚነግር፣ ለአንባቢ የማይታይ ዝርዝር) ብለው ለብቻው አስከፍለውኛል። ጎግል ያንን መለያ ደረጃ ለመስጠት እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ነው። ለሞተ ሰው የዕድር መዋጮ ሲከፈል አይቻለሁ፤ ለሞተ ሰው ደመወዝ ሲከፈል ግን በእርስዎ አየሁ።

«የበር ገጽ» በሚባሉት የሠሩት ግን ከሁሉ ይብሳል። ሳላውቅ አርባ ገጽ ሠርተውልኝ ኖሯል፦ «ምርጥ ፔንሲዮን በሻሸመኔ»፣ «ምርጥ ፔንሲዮን በይርጋለም»፣ «ምርጥ ፔንሲዮን በወንዶ ገነት»፤ ጽሑፉ አንድ ዓይነት፣ የከተማው ስም ብቻ የተለወጠ፣ መጨረሻው ሁሉ የእኔ ሰባት ክፍል። አንድ ሌሊት በአራት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሰውየው ዲላ መናኸሪያ ቆሟል፣ ይዘንባል፣ ሻንጣው ከብዶታል።

«ከመናኸሪያው በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው» አልሁት።

የተናገረውን እዚህ መጻፍ ለሁለታችንም አይበጅም። ብቻ ከተናገረው ውስጥ ለእኔ የሚገባው ትንሹ እንደሆነና ትልቁ ድርሻ የእርስዎ እንደሆነ ይታወቅልኝ። አልጋ ፈልጌለት፣ ዲላ የማውቀውን ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሼ ነው ያሳደርሁት።

ምስክሮቹንስ አስታወሷቸው? ጎግል የተመሠረተበት ሐሳብ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያሰቡት ነው፦ አንድ ድረ ገጽ ሌላውን በሊንክ ሲጠቁም እንደ ምስክርነት ይቆጠር፤ የተከበረ ምስክር ቃል ደግሞ ከተራው ይበልጥ ይመዘን። ሽማግሌ ተቀምጦ ያየ የአገራችን ሰው ይህን ለመረዳት ስታንፎርድ መግባት አያስፈልገውም። እርስዎም ገብቶዎታል፤ የገባዎት ግን በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ያላዩትን አየን ለማለት ዋጋ በሚደራደሩት ሰዎች በኩል ነው። ከሦስት መቶ በላይ ምስክር ገዙልኝ። ኮምፒውተር የተማረች የእህቴ ልጅ ዝርዝሩን ስታወጣው አንዱ የቁማር ቤት ነው፣ አንዱ የማቅጠኛ ክኒን ይሸጣል፣ ሌላው ደግሞ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ እንኳ ሁለታችንም አላወቅንም። እነዚህ ሁሉ ስለ ፔንሲዮኔ የአንሶላ ንጽሕና በአንድ ድምፅ መስክረዋል።

ጎግል እንደ ፈረንጆች በ2012 እንዲህ ያለውን የተገዛ ምስክር የሚያጣራበት ማሻሻያ አውጥቷል፤ ስሙም ፔንግዊን ይባላል። በእኛ ሐይቅ ፔንግዊን የለም፤ ያለን አባ ኮዳ ነው። እሱ በአሳ ገበያው ዙሪያ የተጣለውን እየለቀመ ይኖራል፣ ግን በመንገደኛ ስልክ ደውሎ «አሳ አጥማጅ አደርግዎታለሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ስለ አስተያየቶቹም ሳላመሰግን አላልፍም። በአንድ ሌሊት ሃያ ሰዎች አምስት አምስት ኮከብ ሰጡኝ። አንዷ የባሕሩን አሸዋ አደነቀች። አንደኛው ደግሞ «ጥርሴን ያለ ምንም ሕመም ነቀሉልኝ፣ ሐኪሙ እጀ መልካም ነው» ብሎ ጽፏል። ይህ አስተያየት የሚመለከተው የጥርስ ክሊኒክ ምናልባት ስለ ትራስ ልስላሴ የሚያወድስ ደብዳቤ ደርሶት ግራ ተጋብቶ ይሆናል፤ ካገኙት ልንቀያየር ዝግጁ ነኝ።

ውጤቱ ምን ሆነ? የእህቴ ልጅ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን፣ ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤት በነፃ የሚሰጠውን መሣሪያ ከፈተች። ከጎግል የመጣ የቅጣት ማስታወቂያ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ስሜን በሙሉ ጽፌ ብፈልግ እንኳ ራሴን የማላገኝበት ጊዜ መጣ። አንደኛ እወጣለሁ ብዬ ከሰልፉ ወጣሁ።

በዚህ ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ እርስዎም ያለዎትን ቦታ ይወቁ። እንደ ፈረንጆች በ2006 የጀርመኑ ቢኤምደብሊው «ያገለገለ መኪና» የሚለውን ቃል በደጋገሙ የበር ገጾች ምክንያት ከጎግል ተሰርዞ ነበር፤ ገጾቹን አንሥቶ ነው በቀናት ውስጥ የተመለሰ። እንደ ፈረንጆች በ2011 ደግሞ ጄሲ ፔኒ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ መደብር ሊንክ ተገዝቶለት በየሸቀጡ ፊት ፊት ሲወጣ ቆይቶ፣ ነገሩ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ሲጋለጥ ቁልቁል ተወረወረ። የእኔ ሰባት ክፍል ከእነዚህ ጋር በአንድ መዝገብ መቆጠሯ፣ እንደ እርስዎ አነጋገር፣ «ዓለም አቀፍ ዕውቅና» ሳይሆን አይቀርም።

ሆስቲንጉንም፣ ማለት ድረ ገጼ የሚያድርበትን ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ኪራይ፣ እርስዎ ነዎት የመረጡልኝ። «ያልተገደበ ቦታ፣ ያልተገደበ ፍጥነት፣ ያልተገደበ ሁሉ» አሉኝ። ሰባት ክፍል ይዤ «ያልተገደበ አልጋ» ብል ፖሊስ ይጠራብኛል፤ በዚያ ሰፈር ግን የሚቻል ይመስላል። ገደቡ በውሉ ሆድ ውስጥ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የፋይሉ ብዛት ይህን ያህል፣ የማሽኑ ጉልበት ይህን ያህል እየተባለ ተጽፎ ነበር። የጋራ ሰርቨር ምን ማለት እንደሆነም አልነገሩኝም። ለሀዋሳ ሰው ማስረዳት ቀላል ነበር እኮ፦ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚኖርበት ግቢ ነው። አንደኛዋ ምጣድ ስትጥድ የሁሉም መብራት ድርግም ይላል። ዋጋው ይረክሳል፣ ለትንሽ ድረ ገጽም ይበቃል፤ ነውሩ በጋራ መሆኑ አይደለም፣ አከራዩ በአንድ ቆጣሪ ስንት ምጣድ እንደሰካ አለመናገሩ ነው።

ታኅሣሥ ገብርኤል ሲደርስ አንዱ ጎረቤቴ ምጣዱን ጣደ። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል፣ ሰው አልጋ ፍለጋ ይንከራተታል፣ የእኔ ገጽ ሦስት ቀን ሙሉ ጨለማ። ውሉን ሳየው ገጹ ክፍት የሚሆነው «99 በመቶ» ጊዜ ነው ይላል። እርስዎ ሲሸጡልኝ «መቶ በሉት» ብለውኝ ነበር። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ቢጠፋ ቅሬታ የለም ማለት ነው፤ 99 በመቶ ግን ከ3 ቀን ከግማሽ በላይ ነው። ያቺ ከነጥብ በኋላ የጎደለችው አንዲት ዘጠኝ የገብርኤልን ገበያዬን ይዛ ሄደች። መጠባበቂያ ቅጂ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አለ፣ እዚያው በጠፋው ሰርቨር ላይ። የክፍል ቁጥር ሦስትን ትርፍ ቁልፍ ክፍል ቁጥር ሦስት ውስጥ ቆልፎ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ በእኛ ሥራ ይህን ያደረገ ጠባቂ በዚያው ዕለት ይሰናበታል።

ሰርቨሩ ያለው በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ኖሯል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚህ እስከዚያ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንዲት ጥያቄ ሄዳ ለመመለስ ብቻ ከሰከንድ አንድ አሥረኛው በላይ ትፈጃለች፣ አንድ ገጽ ደግሞ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃል። በዚያ ላይ የጫኑልኝ የሐይቁ ፎቶግራፍ፣ አውራ ጎዳና ላይ ለሚሰቀል ሰሌዳ የሚበቃ ነው። ጎግል ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ መልካም ነው ይላል። በእኔ ገጽ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ሐይቁ ከላይ ጀምሮ በግማሽ ይታያል። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ደግሞ የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሆኖ፣ ያውም በዶላር መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር ስንት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የእህቴ ልጅ የሠራችው ሥራ አያዝናናም፤ እንዲያውም አሰልቺ ነው። አርባውን በር ዘጋች። ነጩን ጽሑፍ ጠረገች። የሐሰት ምስክሮቹን እንደማናውቃቸው ለጎግል አሳወቀች። ፎቶዎቹን አሳነሰች፣ ሰርቨሩን ወደ ቅርብ አገር አዛወረች፣ የድረ ገጹን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባል አገልግሎት በነፃ አወጣች (እርስዎ በየዓመቱ የሚያስከፍሉኝ እሱኑ ነበር፣ መልሰው ይቅርታ አይጠይቁኝ፣ ለምጄዋለሁ)። ከዚያ ዋጋችንን፣ ሙቅ ውኃ የሚኖርበትን ሰዓት፣ ውኃ በፈረቃ እንደሆነ ሳይቀር ጻፈችው። አሳ ገበያ በስንት ሰዓት ቢሄዱ ጥሩ እንደሆነና ጦጣዎቹ ቁርስ ከእጅ እንደሚነጥቁም ጻፈች። እኔ ስለ ጦጣው ተቃውሜ ነበር፤ «ጋሼ፣ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው» አለችኝ። አሁን ደውለው አልጋ ከሚይዙት መካከል በመጀመሪያ ስለ ጦጣው የሚጠይቁ አሉ። ቅጣቱ እንዲታይልን ያመለከትነውም ከሳምንታት በኋላ ተነሥቶልናል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረን፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም እሱ ነው። የዶሜይኑ፣ ማለት የድረ ገጼ ስም፣ ባለቤት ማን እንደሆነ የእህቴ ልጅ ብታይ፣ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነው። ፔንሲዮኗን የሠራሁት እኔ፣ ግብሩን የምከፍለው እኔ፣ ስሟ ግን የእርስዎ። ያለ እርስዎ የማዘዋወሪያ ኮድ ወደ ሌላ መዝጋቢ ማንሣት አንችልም። ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ወር ቀርቶታል። ካልታደሰ ጥቂት የምሕረት ሳምንታት አሉት፤ ከዚያ በኋላ የቁማር ቤቱም ይሁን የክኒን ሻጩ፣ ማንም ይገዛዋል።

ስለዚህ እንደገና እንዲደውሉልኝ እለምንዎታለሁ። ኮዱን እስኪልኩልኝ ድረስ እባክዎ ራስዎን ይጠብቁ፤ ባጃጅ ሲሳፈሩ አጥብቀው ይያዙ፣ ብርድ እንዳይመታዎ በማታ ሐይቅ ዳር አይቁሙ። በየጠዋቱ ለጤናዎ እጸልያለሁ፣ ከልቤ ነው፤ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ፔንሲዮኔ ያለ ስም ትቀራለች።

ከሰላምታ ጋር
የፔንሲዮንዎ ባለቤት
ሀዋሳ