የሁለት ሰው ማኅበር ዳኛ የለውም

የጽዋ ማኅበር ቀኑ የታወቀ ነው። የሚካኤል ከሆነ በ12፣ የማርያም ከሆነ በ21 ይጠጣል። ተረኛው ጠላውን ቀደም ብሎ ይጠነስሳል፤ የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። ዕቁብም ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ቅጣት አለው። በየሳምንቱ ተገናኝተው አንድ አንድ የሚሉ ሁለት ጓደኛሞች ግን ይህ ሁሉ የላቸውም። ስለዚህም ልማዳቸው በጠብ አይፈርስም፤ «ዛሬ አልተመቸኝም፣ በሚቀጥለው እናካክሳለን» በሚል አጭር መልእክት ሳይታወቅ ያልቃል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ጥሩ ጓደኝነት የላላው በዚህ መንገድ ነው። የሁለት ሰው ቀጠሮም እንደ ዕቁብ ደንብ ሊበጅለት ይገባል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ቀኑ ይቆረጥ። «በሳምንቱ መጨረሻ እንገናኝ» ቀጠሮ አይባልም። ቅዳሜና እሑድን ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ዕድርና የቤት ጉዳይ ይሻሙታል። ሰኞ የደሴ የገበያ ቀን ስለሆነ ሲሸጥ የዋለ ሰው ማታ የሚያምረው አልጋው ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ሐሙስ ማታ ለሙስሊሙ የጁምዓ ሌሊት ነው፤ በወሎ ብዙ ቤት ዱዓው የሚደምቀው ያን ጊዜ ነው። የሚተርፈው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞን ሌላ ጉዳይ ስለማይሻማው ከሌላው ቀን ይልቅ ይጸናል።

ሰዓቱም መነሻና መድረሻ ይኑረው፤ ከ11፡30 እስከ ምሽቱ 2፡00 ይበቃል። መጨረሻው ያልታወቀ ቀጠሮ ቤት ውስጥ ኩርፊያ ያመጣል፤ ሁለተኛ ኩርፊያ ከመጣ ቀጠሮው አለቀለት። ሰዓት እላፊ በሚኖርበት ወቅት ደግሞ ሁሉንም ወደ 10 ሰዓት መሳብ እንጂ «ሁኔታው እስኪስተካከል» ብሎ መተው አይገባም።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ይህ አቆጣጠር አይሆንም። ፈረቃው በየሳምንቱ የሚዞር ከሆነ ቀኑ ይቆይና ሰዓቱ አብሮ ይዙር፦ በጠዋት ፈረቃ ሳምንት ማታ፣ በከሰዓት ፈረቃ ሳምንት ረፋድ ላይ በቡና፣ በሌሊት ፈረቃ ሳምንት ደግሞ ከእንቅልፍ በኋላ በ10 ሰዓት። በዚህኛው ሳምንት አልኮል አይቀመስም፤ ሰውየው ከዚያ ተነስቶ የሚሄደው ወደ ማሽን ነው።

ልማዱን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ሒሳብ ነው። መጋበዝ በወሎ ክብር ነው፤ ያም ደስ የሚል ነገር ነው። ሁለት ሰው በዙር ሲጋባበዝ ግን ቁጥሩ በራሱ ያድጋል። አንዱ ሁለት ቢራ ያዛል። ሌላው ዕዳ እንዳይሆንበት ሁለት ይመልሳል። የመጀመሪያው «በእኔ ይዘጋ» ብሎ እንደገና ሁለት ያስመጣል። አንድ አንድ ሊሉ የተቀመጡት ሦስት ሦስት ጠጥተው ይነሳሉ፤ ሦስተኛዋን የፈለጋት ግን አልነበረም። ይህ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ከተደጋገመ ኪሱ የሳሳው መቅረት ይጀምራል። ምክንያቱን አይናገርም፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል፤ ጓደኛውም ያምነዋል።

መፍትሔው በዙር ሳይሆን በሳምንት መፈራረቅ ነው። የዛሬው ተረኛ ሙሉውን ይከፍላል፤ ጣሪያውም አስቀድሞ ይታወቃል፦ ሁለት ሁለት ጠርሙስና አንድ የጋራ ምግብ። ቤቱን የሚመርጠውም ተረኛው ይሁን። እንዲህ ከሆነ ገቢው አነስ ያለው ሰው አቅሙ የሚፈቅደውን ቤት ይመርጣል፤ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል ሳይወጣ ነገሩ ያልፋል። ከሌላ ጠረጴዛ «በእኔ ነው» ተብሎ የሚላክ ጠርሙስ አይመለስም፤ መመለሱ ያስቀይማል። ነገር ግን ከሁለቱ እንደ አንዱ ይቆጠር እንጂ አይደረብ። ባዶ ጠርሙሶቹ ከጠረጴዛው እንዳይነሱ ለአስተናጋጁ መንገርም ጥሩ ነው፤ ቆጠራ የሚጠፋው ጠረጴዛው ሲጸዳ ነው። ሳያሳውቅ የቀረ ሰው ደግሞ እንደ ዕቁቡ ቅጣት ይኑረው፦ የሚቀጥለው ሳምንት ሒሳብ የእሱ ነው።

ለምን ሁለት ብቻ? የአንድ ቢራ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው። የአልኮሉ መጠን 5 በመቶ ከሆነ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። የብዙ ሰው አካል በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ያስወግዳል። እንግዲህ በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ሁለት ጠጥቶ የሚነሳ ሰው ደሙ ውስጥ ገና ግማሽ ጠርሙስ ያህል ይዞ ነው የሚወጣው። ሦስት ከሆነ አንድ ተኩል። ድራፍት ቆጠራውን ያዛባል፤ ጃምቦው ከጠርሙሱ ይበልጣል፣ ሰው ግን «ሁለት ነው የጠጣሁት» ይላል። የቤት ጠጅም ኃይሉ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ጣፋጭነቱ ስለሚሸፍነው አንድ ብርሌ ጠጥቶ ግማሽ ሰዓት ሳይቆዩ ሁለተኛ ማዘዝ ስህተት ነው። በቢራ ላይ አረቄ መደረብ የሚያመጣውን ሁሉም ያውቀዋል።

እዚህ አገር ደግሞ ከሁለቱ ጓደኛሞች አንዱ አልኮል የማይጠጣ መሆኑ የተለመደ ነው። ብዙ ቤቶች ለእሱ የሚያቀርቡት ለስላሳ ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል በለስላሳ መቀመጥ ግን ይሰለቻል። ወሎ ውስጥ ቀሪቦ እያለ ይህ መሆኑ ያስቆጫል። አሠራሩ ቀላል ነው። 1 ኪሎ ገብስ ጠቆር እስኪል ይቆላና ከ5 ሊትር ያህል ውሃ ጋር ይፈላል። ውሃው የቡና መልክ ሲይዝ ይጠለላል፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገብቶበት ይቀዘቅዛል። ለብ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ተጨምሮበት ተከድኖ ያድራል። ስህተት የሚፈጠረው ሁለት ቦታ ላይ ነው። እርሾው በትኩሱ ከገባ ይሞታል፤ መጠጡም የገብስ ውሃ ሆኖ ይቀራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ ይኮመጥጣል፣ አልኮሉም ይበዛል፤ ያን ጊዜ ለማይጠጣው ጓደኛ ማቅረብ እምነቱን መዳፈር ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለምትሞቅ እዚያ ቶሎ ይደርሳል፤ ማታ ተጠንስሶ በማግስቱ ቢጠጣ ይሻላል። ማር የተወደደበት ካልሆነ ብርዝም አለ፦ አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ውሃ፣ በዕለቱ ተበርዞ በዕለቱ የሚጠጣ።

ምግቡ ላይም እንዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። ሥጋ የታረደው በማን እጅ እንደሆነ እዚህ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ክርስቲያንና ሙስሊም ከአንድ የጥብስ ሳህን አይቆርሱም። ሽሮ አለ፤ ከሽሮ የሚበልጥ ግን የሐይቅ ዓሣ ነው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ትኩስ ሆኖ ይደርሳል፤ ዓሣ ዕርድ ስለሌለው ሁለቱም በአንድ ሳህን ይበላሉ። መታዘዝ ያለበትም መጀመሪያ ላይ ነው። በባዶ ሆድ የገባ ቢራ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምግብ ያንን አይመልስም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም ወር ይፈጃል። ሁለት ወር የተቋረጠ ልማድ በቀላሉ ስለማይነሳ መለወጥ ያለበት ብርጭቆው እንጂ ቀኑ አይደለም። በዐቢይ ጾም ማክሰኞው በቡና ይቀጥል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ሁለት ሰዓት ተኩሉ በራሱ ይሞላል። በረመዳን ከተራዊሕ፣ ከማታው ሶላት፣ በኋላ ይሁን፤ ቡናው ግን ይቅለል፣ ሌሊት ለሱሑር ምግብ የሚነሳ ሰው እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

አንዱ ደሴ፣ ሌላው ኮምቦልቻ ከሆነ መንገዱን ማሰብ ግድ ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታ ልዩነቱ ግን 600 ሜትር ገደማ ነው። በመካከል ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በክረምት ጉም ይውጠዋል። መኪና ይዞ የመጣ ሰው አንድም አይቅመስ፤ ግማሽ ጠርሙሱ ደሙ ውስጥ እያለ ቁልቁለቱን መያዝ የለበትም። በሚኒባስ የሚመለስ ደግሞ በ11፡30 ሳይሆን በ9፡30 ይጀምር፤ ተሳፋሪ ሳይሳሳ መናኸሪያ እንዲደርስ። ደሴ ላይ ሲወጡ ጃኬት ይደረብ። ቢራ ሞቅ ያደረገ የሚመስለው የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚከፍት ነው፤ የአካሉ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል፣ የጦሳ ተራራ ብርድም ያን ጊዜ ይጸናል። የሸኘው ሰው ሚኒባሱ እስኪነሳ መቆም፣ የሄደውም ሲደርስ ደውሎ የሚቀጥለውን ማክሰኞ ተረኛ ማስታወስ አለበት።