«አንቺማ ዛሬ ዐረፍሽ»

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የመጨረሻው እንግዳ ሲወጣ ባለቤቴን አቅፎ «እጅህ ይባረክ! ጉድ እኮ ነው የሠራኸው» አለውና፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ በፍጹም ቅንነት «አንቺማ ዛሬ ዐረፍሽ» አለኝ። እጄ እስከ ክንዴ የሰሃን ሳሙና ነበር። ፈገግ አልኩለት። መንጋጋዬ እስከ ሰኞ አመመኝ።

ዳላስ አካባቢ የሚኖር የኛ ሰው ዕድሜው አርባን ሲያልፍ ከሁለት አንዱ ያምረዋል፦ አገር ቤት መሬት መግዛት፣ ወይም ጓሮው ውስጥ የሥጋ ምድጃ መሥራት። መሬቱ ስለማይቀመስ የኛው ሁለተኛውን መረጠ። ብሎኬት ደረደረ፣ ከሥሩ አሸዋ አፈሰሰ፣ የብረት ፍርግርግ አጋደመ፣ በርሜል ለሁለት አሰንጥቆ ክዳን አደረገው። ምድጃውን አላማውም፣ ደህና ነው። የሚያናድደኝ ዙሪያውን የሚበቅለው ሕዝብ ነው። ቤት ውስጥ ጨው የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ወንድ ሁሉ፣ እሳቱ ደጅ ከነደደ ሊቅ ነው። ማጀት መግባት ነውር ነው እየተባለ ያደገ ሰው፣ ሽርጥ አስሮና ረጅም መቆንጠጫ ይዞ ስለ ፍርምባ ይሰብካል።

እንጨቱ ራሱ የግማሽ ቀን ክርክር ነው። አንዱ ኦክ ካልሆነ ይላል፣ ሌላው ሜስኪት። ይኼ ሜስኪት የሚሉት፣ አፋር ውስጥ ፕሮሶፒስ እየተባለ የአዋሽን ዳር የግጦሽ መሬት የወረረው እሾሃም ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ አርብቶ አደሩ እንዴት ልንቀለው ብሎ ተጨንቆ፣ ከሰል እያደረገ ሊጨርሰው ሞክሮ አልቻለም። እዚህ በትንንሽ ከረጢት በዶላር ይገዛል። ይኼን ስነግራቸው ማንም አልሰማኝም፤ ክዳኑን ከፍተው ጭሱን እያሸተቱ ነበር።

እሳቱ የሚለኮሰው ዓርብ ማታ ነው፤ በጾም ቀን ማለት ነው። ሥጋው 107 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ምድጃ ውስጥ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል። የሥጋው የውስጥ ሙቀት 70 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ለሰዓታት አልነቃነቅ ይላል። ከላዩ የሚተነው እርጥበት ስለሚያቀዘቅዘው ነው፣ እንደ ላብ። ይኼን ስንት ወንድ እንዳስረዳኝ! ምጣድ በጎመን ዘር ሳስስ ከጭሱ ሙቀቱን የምለይ ሴትዮ፣ ስልክ ላይ የሚነበብ ቴርሞሜትር እያሳዩኝ «አየሽ፣ ሳይንስ ነው» ይሉኛል።

አያቴ ይኼን ብታይ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትለው፦ እሳት ካየው ምን ለየው። ከአማርኛ ተረቶች ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። የለብ ለብ ክትፎ ሕገ መንግሥት ነው። አያቴ ለሁሉም ነገር ትጠቀምበት ነበር፤ ቡናው ሳይፈላ ለሚቸኩል ጎረቤትም፣ ሳይተዋወቁ ለሚጋቡ ልጆችም። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ቆሞ የሚበላ ሕዝብ ልጅ፣ ለአንድ ፍርምባ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ሲያድር አይታ ቢሆን ጸበል ትወስደው ነበር።

በእሳት መታገሥ አዲስ ነገር ከሆነ ደግሞ ስለ ዶሮ ወጥ እናውራ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በቀስታ፣ ለሰዓታት እየተማሰለ ይበስላል። በርበሬው ገብቶ እንደገና ይቁላላል። ዶሮዋ 12 ብልት ሆና ውኃው እስኪጠራ በሎሚና በጨው ትታጠባለች። ማን ነው ይኼን ሳይንስ ነው ያለው? ማን ነው ድስቱን ከቦ ቆሞ ቪዲዮ የቀረጸው? ባገባሁ በመጀመሪያው ፋሲካ፣ ሌሊቱን ከድስት ጋር አድሬ ያቀረብኩትን ዶሮ አንድ የባለቤቴ ጓደኛ በጭልፋ አገላብጦ ቆጠረልኝ። ቆጥሮም «ፈረሰኛው የታለ?» አለ። ፈረሰኛው እንቁላሉ ሥር ነበር! ይቅርታም አልጠየቀኝም፣ እንቁላሉን ግን በላ። ይኸው ሰው ነው ዛሬ ምድጃው ዳር ቆሞ፣ ጥርስ የሚሰብር የተቃጠለ ጠርዝ እያኘከ «ይኼ ጥቁሩ ነው እኮ ዋናው ጣዕም» የሚለው። የኔ ወጥ ትንሽ ቢይዝ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ባለቤቴ የቴክሳስን የባርቤኪው ታሪክ አንብቦልኛል፦ የጀርመንና የቼክ ስደተኛ ሥጋ ሻጮች እንዲህ አደረጉ፣ እንዲህ አጨሱ። ከነሱ ጎን፣ በትልልቁ ግብዣ ጉድጓድ ቆፍረው ሌሊቱን እሳት ሲጠብቁ የሚያድሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች እንደነበሩ ሳነብ ግን አልገረመኝም። እነሱ ጢስ ጠጡ፣ ባለ ግብዣው ተመሰገነ። ጁን 19 ቀን 1865 እዚሁ ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ላይ ነጻነታቸው ከታወጀ በኋላ በየዓመቱ ቀኑን ሲያከብሩ የገዛ ሥጋቸውን ለገዛ ራሳቸው መጥበሳቸው፣ ከበዓሉ ሁሉ የምወደው ነገር ነው።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ደጅ አንድ ሥጋ በሰባት ወንድ ሲጠበቅ፣ ውስጥ እኔ ዳጣ ፈጭቻለሁ፣ አዋዜ በጥብጫለሁ፣ ጎመን ከትፌ አይብ አውጥቻለሁ፣ የድንች ሰላጣ፣ የቲማቲም ሰላጣ፣ ለልጆች መኮሮኒ። እንጀራው የተጋገረው ሐሙስ ነው። ሥጋው በመጨረሻ ሲወጣ አይቆረጥም፣ «ይረፍ» ተባለ። በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ለእንግዳ ያስቀመጥኩትን ነጭ ፎጣ ተከናንቦ፣ በረዶ መያዣው ሳጥን ውስጥ ገባ። ማንም እንዳይነካው ዘብ ቆሙለት። ሁለት ሰዓት! እኔን ዐረፍሽ ያለው ሰው ያንን ፎጣ ሲያጥፍ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ቤት በዚያ ቀን ያረፈ ቢኖር ፍርምባው ነው።

አሁን ደግሞ ጁላይ ፎር፣ የአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ እየመጣ ነው፤ ሁለት ሥጋ ታዟል አሉ። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 27 ነው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ስለሆነ፣ ይኼ የአሜሪካ ትልቁ የጥብስ ቀን በየዓመቱ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ይኼን ሳነሳ ሰባቱም በአንድ ድምፅ «እሱ እኮ የቄስ ጾም ነው» አሉኝ። በሃይማኖት ጉዳይ እንዲህ ሲስማሙ አይቼ አላውቅም።

ይሁን። እኔ ዘንድሮ እጾማለሁ፣ ያን ቀንም ቤተ ክርስቲያን ነው የምውለው። ቃሪያው ፍሪጅ ውስጥ ታችኛው መሳቢያ እንደሆነ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከሱ ጎን እንዳለ፣ ዳጣው ደግሞ በብሌንደር እንደሚፈጭ በወረቀት ጽፌ ለጥፌላቸዋለሁ። የብሌንደሩ ክዳን ስለላላ በእጅ ተጭነው ካልያዙት ዓይን ውስጥ ይረጫል። እሱን አልጻፍኩም።