እትብት ቆጣሪዋ ከተማ

ካናዳዊቷን ለንደን የማያወድስ ብዕር ቀለሙ ይድረቅ! ስሟን ከእንግሊዟ ለንደን ተውሳ፣ ወንዟን ቴምዝ፣ ገበያዋን ኮቨንት ጋርደን፣ አንዱን ጎዳናዋን ፒካዲሊ ብላ ስታበቃ ሰው መዋስ ምን ይከብዳታል?

ልጁ የት አደገ፣ ማን አበላው፣ ማን አስተማረው እያለች አትደክምም። እትብቱ የት ተቆረጠ? አለቀ። ተዋናዩ ራያን ጎስሊንግ በ1980 እዚህ ተወልዶ እዚያው ካናዳ፣ ኮርንዎል አደገ፤ የኛ ነው። ተዋናይቷ ሬቸል ማክአዳምስ እዚህ ተወልዳ ሴንት ቶማስ አደገች፤ የኛ ናት። እዚሁ የተወለደው ዘፋኙ ጀስቲን ቢበር ጊታሩን ይዞ ሳንቲም የለቀመው ስትራትፎርድ፣ ቲያትር ቤት ደጃፍ ነው። ቢሆንስ? ስትራትፎርድ አሳደገች እንጂ አዋለደች? (እሷም ብትሆን የራሷንም የወንዟንም ስም ከሼክስፒር አገር ነው የወሰደችው። ጎረቤት ከጎረቤት ይማራል።)

እኛም ቶሮንቶ ተወልዶ ያደገውን አቤል ተስፋዬን «የኛ ልጅ» የምንለው እትብቱ ባይመቸን ደም ቆጥረን ነውና አልፈርድም።

የፍሬድሪክ ባንቲንግ ነገር ግን ለብቻው ቅኔ ይገባዋል። ወጣቱ ሐኪም በጁላይ 1920 ለንደን ውስጥ ክሊኒክ ከፈተ። አርቆ አሳቢው የከተማው ሕዝብም ለነገው ሊቅ ሥራ እንዳይበዛበት ተጠንቅቆ፣ ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ ደጁን አልረገጠም። የወሩ ገቢ 4 ዶላር! እንዲህ ያለ ፋታ የሰጠችው ማን ናት? በኦክቶበር 31 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነቅቶ ስለ ቆሽት የመጣለትን ሐሳብ ወረቀት ላይ ጫረ። በ1921 ጓዙን ጠቅልሎ ቶሮንቶ ገባ፤ ከቆሽት የሚወጣው የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ እዚያ ተገኘ፤ በ1923 ኖቤል ተሸለመ። የለንደኑ ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፣ «የኢንሱሊን የትውልድ ቦታ»።

ልብ በሉ፤ ለተዋንያኑና ለዘፋኙ መወለድ እንጂ ማደግ አይቆጠርም፤ ለኢንሱሊን ደግሞ መፀነስ እንጂ መወለድ አይቆጠርም። መለኪያው እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ብቻ ለንደን ይድረስ።

በሙዚየሙ ግቢ በ1989 የተለኮሰ የተስፋ እሳት አለ። የሚጠፋው ለስኳር በሽታ ፈውስ ሲገኝ ነው፤ የሚያጠፉትም ፈውሱን ያገኙት ናቸው ተብሏል። ያ ቀን ብቻ ይምጣ እንጂ፣ ከመካከላቸው አንዱ በለንደን ሲያልፍ አውቶቡስ ጣቢያ ቡና መጠጣቱ አይቀርም፤ ከተማዋም ሲኒውን ታገኘዋለች።