እለፍ የኔ ጌታ

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ አንድ ኪሎ ቲማቲም በፌስታል አንጠልጥዬ በእግረኛ መንገድ እሄድ ነበር። ባሕር ዳር ነው። ዘንባባው አለ፣ ጥላው አለ፣ ከጣና በኩል ለስለስ ያለ ነፋስ አለ። አንዱ ነፋስ ክርኔን ገጭቶኝ አለፈ። ቀና ስል ነፋስ አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው። ፌስታሉ ተቀደደና ቲማቲሙ በቴራዞው ላይ ተንከባለለ። ልጁ ሳይቆም አንገቱን ብቻ ዞር አድርጎ «አይዞህ ፋዘር!» አለኝ።

እኔስ ምን አልኩት? «ይቅርታ።»

ቤቴ እስክደርስ ስበሽቅ ቆየሁ። ይበልጥ ያበሸቀኝ «ፋዘር» ያለኝ ነው፤ ገና አርባ አራቴ ነው። ቡና ከጠጣሁ በኋላ ግን ረጋ ብዬ ሳስበው ይቅርታ መጠየቄ ልክ ሆኖ አገኘሁት። ልጁ ቸኩሏል። እኔ ደግሞ ምን አቅብጦኝ ነው በእግረኛ መንገድ ላይ በእግሬ የምሄደው? ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ ለከተማችን የስኩተር ነጂዎች ምስጋና ትሁንልኝ።

አንደኛ ለዝምታቸው። ባጃጅ ገና ከሩቅ ይንጣጣል። ጋሪ ሲመጣ የፈረሱ ኮቴ ይሰማል። አህያ እንኳን ከኋላዋ «ሃይ! ሃይ!» የሚል ባለቤት አላት። ስኩተር ግን ጨዋ ነው፤ ማንንም አይረብሽም። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ የሚበር ወርቅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አውሮፓውያን እንዲህ ያለው ጨዋነት አይገባቸውም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሞዴሎች በዝግታ ሲነዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ አስገድደዋል፤ እግረኛው እንዲሰማ ብለው። ደግነቱ ሕጉ የወጣው ለመኪና ነው። የስኩተርን ዝምታ አልነካም።

ከዝምታቸው ቀጥሎ ቅልጥፍናቸው። ብዙው ስኩተር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። «እማማ፣ ዞር በሉ!» ለማለት ደግሞ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ቤት ቁጭ ብዬ በሰዓት ለክቼዋለሁ፤ ልጆቼ አባታችን አበደ ብለው ነበር። በሁለት ሰከንድ 14 ሜትር ተሄደ ማለት ነው። ስለዚህ «እማማ» ሲል ከኋላቸው ነው፣ «ዞር በሉ» ሲል ከፊታቸው። በመሃል የሆነውን እማማ ራሳቸው ይወቁት።

እማማ ስል ዝም ብዬ አይደለም። ጎረቤቴ ናቸው። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስን ሳይሳለሙ አይውሉም። ባለፈው ወር በጠዋት ሲሄዱ ነጠላቸው በስኩተር መሪ ተያዘ። ሳይወዱ በግድ ሦስት አራት እርምጃ ሮጡ፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ ሮጠው አያውቁም። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። ልጁ ነጠላውን አላቀቀና «እማማ፣ ነጠላዎትን ሰብሰብ ያድርጉ እንጂ!» ብሎ መክሯቸው ሄደ። አክብሮቱን እዩልኝ። አንቱ ብሎ ነው የገጫቸው።

ማታ ልጠይቃቸው ገባሁ። ጉልበታቸውን በቅቤ እያሹ አገኘኋቸው።

«ተጎዱ እንዴ እማማ?»

«ምን እጎዳለሁ ልጄ» አሉኝ። «ዕድሜ ልኬን ያልፍልሻል፣ ያልፍልሻል ሲሉኝ ኖሬ፣ ይኸው በስተርጅና ያልፍብኝ ጀመር።»

ዋሸራ ገብተው ቅኔ አልተማሩም፤ ግን የጎጃም ሰው ናቸው፣ ወድቀውም አፋቸው አይወድቅም። እኔም ከሳቸው ቤት ስወጣ ነው የገባኝ። የእግረኛ መንገድ ለካ ቅኔ ነው። ሰሙ «የእግረኛ መንገድ» ይላል። ወርቁን ስኩተሩ ሲመጣ ታገኘዋለህ።

ሌሎች አገሮች ለዚህ አልታደሉም። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕዝቡን ጠርታ «የኪራይ ስኩተር ይቀጥል ወይስ ይቅር?» ብላ ድምፅ አሰጠች። ድምፅ ከሰጠው ውስጥ ወደ 89 በመቶው «ይቅር» አለ፤ በዚያው ክረምት ማብቂያ የኪራዩ ስኩተር ተለቅሞ ወጣ። ለመምረጥ የወጣው ሰው ታዲያ ከመራጩ 8 በመቶ እንኳን አልሞላም ነበር። የቀረው ገና መንገድ እየተሻገረ ይሆናል። ጀርመን በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድና በእግረኛ መንገድ ላይ ዝር እንዳይል ከልክላለች። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2019 ከእግረኛ መንገድ አስወጥታዋለች፤ እምቢ ያለውን በገንዘብ መቅጣት ብቻ ሳይሆን እስር ቤትም ልትልከው ትችላለች። ጨካኞች! እኛ እንግዳ ተቀባይ ነን። እንግዳ ሲመጣ አልጋውን ለቀን መደብ ላይ እንተኛለን። ስኩተር ሲመጣም ቴራዞውን ለቀን አስፋልት ላይ ወረድን። አስፋልቱ ላይ ባጃጅና አይሱዙ ይጠብቁን እንጂ፣ እንግዳው እንዳይከፋው።

(ቴራዞው ድሮስ መች ባዶ ነበር ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የሱቁ ዕቃ አለ፣ የበቆሎ ጠባሿ ከሰል አለ፣ የቆመ ሞተር አለ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ አሸዋ አለ። ለዚህ ሌላ ቀን ምስጋና እጽፋለሁ።)

አዲሱን የዓባይ ድልድይ ታውቁታላችሁ። በግንቦት 2016 የተመረቀው። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ወርዱ 43 ሜትር ነው። የመኪናው፣ የብስክሌቱ፣ የእግረኛው ተብሎ መንገዱ ተለይቷል። መሐንዲሶቹ ደክመዋል። ባለፈው እሁድ ወደ ዓባይ ማዶ ስሻገር አንድ ስኩተር ከኋላዬ መጣ። በመኪናው መስመር ጀመረ፤ አውቶቡስ ጥሩንባ ሲነፋበት ወደ ብስክሌቱ ዞረ፤ እዚያ ብስክሌት ሲያገኝ ወደ እኔ መጣ። በአንድ ድልድይ ሦስቱንም ዳሰሰ። እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚህ ከተማ ግብር ስከፍል ከአንዷ መስመር ወጥቼ አላውቅም።

በላዩ ላይ ሦስት ነበሩ። የፊተኛው ልጅ ነው፣ መሪው አገጩ ጋ ይደርሳል። የኋለኛው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አቅፏል። መሃለኛው ነው የሚነዳው፣ በአንድ እጁ። በሌላው እጁ ስልክ ያወራል። «አለሁ፣ አለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ሲል ሰማሁት። ውሸቱን ነው። መንገዱ ባዶውን ከጎኑ ነበር፤ እሱ ያለው እኔ ላይ ነው።

እውነት ለመናገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ በእግረኛ መንገድ ብስክሌት ነድቻለሁ። አንድ ቀን ዳቦ በመሶብ ተሸክመው የሚሄዱ ሴትዮ ላይ ወጣሁባቸው። መሶቡ ወደቀ፣ እኔም ወደቅኩ፣ ሴትዮዋም ወደቁ። ከሁላችን ቀድመው የተነሱት እሳቸው ናቸው። በጃንጥላቸው እጀታ ትከሻዬን አገኙኝ፣ ከአባቴ ጀምረው እስከ ቅድመ አያቴ ሰደቡኝ፣ ከዚያ ደረቴን ዳስሰው «ተሰብረህ እንዳይሆን?» አሉኝ። የዳቦውን በሁለት ወር ከፈልኩ። አንዳንዴ ያ ብስክሌት ይናፍቀኛል። ቃጭል ነበረው፤ «ክሊንግ» ሲል አለሁ ማለቱ ነው። ደግሞም ከገጨ አብሮ ይወድቃል። የዛሬው «አይዞህ ፋዘር» ብሎ ይሄዳል። መነሻው ቅን ነው፤ አይዞህ ብሎኛል እኮ።

ስኩተሩንማ ምን አድርጎ እጠላዋለሁ? ጭስ የለው፣ ቤንዚን አይጠይቅ፣ ማደያ ላይ አያሰልፍ። መንግሥትም በ2016 በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ሲከለክል ልጆቹ ቀድመውታል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ያላገኘ ልጅ በእሱ ዕቃ አድርሶ እራቱን ይበላል። እንዲህ ያለ አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ የእኛን ሰፈር ጥግ ሲዞር ወርዶ ይገፋዋል። ይህንንም ጓደኞቹ ይስቁበታል።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኛል። ሚስቴ እንዳትሰማ፤ ፍሪጅ ውስጥ ሥጋ አላት። ግን መብራት በጠፋ በሁለተኛው ቀን ከተማው ሌላ ነው። የስኩተሮቹ ባትሪ ያልቃል። በየግቢው ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ። እማማ ነጠላቸውን ለቀቅ አድርገው ይወጣሉ። ሕፃናት ቴራዞው ላይ ሰኞ ማክሰኞ ይሠራሉ።

ያለፈው ሐሙስ እንደዚያ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መብራት የለም። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ በእግረኛው መንገድ መሃል ለመሃል፣ እንደ ደጃዝማች እየተንጎራደድኩ ነበር። ድንገት ከየቤቱ፣ ከየግቢው፣ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

«መጣ!»

ዘልዬ ቦዩ ውስጥ ገባሁ።

መብራት ነበር የመጣው።