«ምን ቃል ገባሁልህ?»

ጓደኛውን ድንገት የዘጋ ሰው «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «ምን ቃል ገባሁልህ?» ይላል። ቃል ካልገባሁ አልጠየቅም ማለቱ ነው። ይጠየቃል ባይ ነኝ።

ሁለት ሰዎች አብረው እየሄዱ ነው እንበል። አንደኛው ምንም ሳይናገር ፈጠን ብሎ ጥሎት ይሄዳል። የቀረው ሰው ቅር ይለዋል። «ምነው፣ ጥለኸኝ?» ቢለውም ያምርበታል። አንድ የማያውቀው መንገደኛ ቀድሞት ቢያልፍ ግን ምን ሊለው ይችላል? ምሳሌውን ፈላስፋዋ ማርጋሬት ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1990 በጻፈችው ጽሑፍ አንስታዋለች። እንደ እሷ አባባል፣ አብረው መሄዳቸው ራሱ አስተሳስሯቸዋል፤ አንዱ ብቻውን ብድግ ብሎ ሊፈታው አይችልም።

ይህን ትንንሽ ልጆችም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ በጀርመን የላይፕዚጉ ማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ጥናት የሦስት ዓመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፈትኗል። ሁለቱ ልጆች ገመድ አብረው ይስባሉ፤ ለአንዱ ሦስት፣ ለሌላው አንድ ሽልማት ይደርሰዋል። ባለሦስቱ ብዙውን ጊዜ አንዱን አንስቶ ለጓደኛው ይሰጣል። ሽልማቱን ሳይለፉ ሲያገኙት ግን ማካፈሉ በጣም ይቀንሳል። አብረው ስለለፉ «የኔ» የነበረው «የኛ» ሆነ።

ስለ ቤተሰብም የማስበው እንደዚሁ ነው። ያሳደገ አባትና ጥሎ የጠፋ አባት በደም እኩል ናቸው። ልጅ ለሁለቱም እኩል ግዴታ አለበት ቢባል ግን አልቀበልም። ሌሊት ተነስቶ ትኩሳት የለካ፣ ትምህርት ቤት ያመላለሰ ሰው የሚጠብቀው ነገር አለ፤ መጠበቁም ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። ግዴታ ከአብሮነት የሚመጣ ከሆነ፣ «የኛ ሰው ነው» እያሉ ጥፋት መሸፈንም ግዴታ ሊባል ነው? ብዙ ግፍ የተሠራው በዚህ ስም ስለሆነ ጥያቄው ያሳስበኛል። ግን አብረን የሠራነው ነገር ውጭ ያለውን ሰው ከጎዳ፣ እሱም ከእኛ ጋር ግንኙነት ውስጥ ገብቷል፤ ሳይወድ፣ ሳይጠየቅ። ስለዚህ «ምን አደረግኋችሁ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ሁላችንንም ይጠይቃል፤ ዝም ያለውን ጭምር።